ግራ ሲነካ ቀኝ የሚበራው ተሳቢ

አንድ ሰው ነበረ፤ የሞተር ጀልባና ጀልባዋን በመኪና የሚጎትትበት ተሳቢ ነበረው። «ልጆቼ ሦስቱም ይዋሹኛል፣ ከየትኛው ቅጣት ልጀምር» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው የዚህን ሰው ነገር የማነሳልህ። አሁን በሆድህ «ልጅና ጀልባ ምን አገናኛቸው» እያልክ ነው፤ ፊትህ ላይ ይታያል። ቁጭ በልና ስማኝ።

ሰውየው ሐይቅ አጠገብ ባለች ከተማ ይኖር ነበር፤ ኑሮው መንገደኛ ማሻገር ነው። በዚያ አገር ጀልባ ታድሳ ወደ ውሃ ስትመለስ ቄስ ተጠርቶ ጠበል ይረጭላታል፣ ጎረቤቱም ወጥቶ ያያል። ይህ ሰው ደግሞ መታየት ይወድ ነበር። ስለዚህ ጀልባዋን ሲያድስ እሷን ብቻ ሳይሆን ተሳቢውንም ሰማያዊ ቀለም ቀባው። አቀባቡ የዋዛ አልነበረም፤ ቡሎኖቹን እየፈታ ከሥራቸው ሳይቀር ቀብቶ መልሶ አጠበቃቸው። ጣት የምታህል ባዶ ብረት አላስቀረም። ያየው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» አለው፤ እሱም ደረቱን ነፋ።

ጀልባዋ ወደ ውሃ በምትመለስበት ቀን ዋዜማ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር አገናኘና የኋላ መብራቶቹን ሊሞክር መሪው ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ከኋላ ቆማ የበራውን ትነግረው ጀመር።

«ግራ ፍሬቻ ነካሁ፤ በራ?»

«ቀኙ ነው የበራው።»

«ግራውን ነው የነካሁት እኮ!»

«እኔ ምን ላድርግህ? የበራው ቀኙ ነው።»

ፍሬን ያዘ። በፍሬኑ መብራት ፈንታ ፍሬቻዎቹ ደብዘዝ ብለው በሩ፤ ይህንንም እንዳየችው ነገረችው። ሰውየው በንዴት ወርዶ አምፖሎቹን ይሰድብ ጀመር። «ይሄ የግራው ነው ሌሎቹን የሚያበላሽብኝ» አለና ነቅሎ ባትሪ ላይ ቢሞክረው ቦግ ብሎ በራ። የቀኙን ነቀለ፤ እሱም ቦግ አለ። ሁሉም አንድ በአንድ ሲሞከሩ ደህና ነበሩ። ይህን ልብ በልልኝ፤ እሱ ግን ልብ አላለውም። ለግራው ከሌሎቹ ጠንከር ያለ አምፖል አስገባለት፤ ጭራሽ ባሰበት። ፊውዝ ቀየረ፣ ሽቦ ቀየረ፣ የቀየረውን መልሶ ቀየረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሚስቱ ከኋላ ቆማለች። «አልበራም» ባለች ቁጥር «ዓይንሽን ገልጠሽ እዪ!» ይላታል። «በርቷል፣ ግን ፈዟል» ስትለው «አንቺ ደግሞ ስለ መብራት ምን ታውቂያለሽ!» ይላታል። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ያዳምጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ድምፁም ሲዘጋ፣ «ግራስ?» አላት።

«በርቷል» አለችው።

«ቀኝስ?»

«በርቷል።»

«ፍሬንስ?»

«እሱም በርቷል።»

«አላልኩሽም!» ብሎ እጁን ሊታጠብ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባዋን ጭኖ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሚስቱ ለቄሱና ለእንግዶቹ የተሠራውን ምግብ ይዛ በባጃጅ ተከተለችው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ጀልባዋም ትልቅ ስለሆነች ከኋላ ላለ ሰው ፊቱን ትጋርደዋለች። በዚያ መንገድ ሹፌሮች የሚግባቡበት ልማድ አለ፣ አንተም ሳታውቀው አትቀርም። ከፊት ያለው ትልቅ መኪና ቀኝ ፍሬቻ ካበራ፣ ከኋላ ላለው «መንገዱ ነጻ ነው፣ እለፈኝ» ማለቱ ነው። ከኋላ ያለውም ፊት ለፊቱን ሳያይ፣ ያቺን ብልጭታ ብቻ አምኖ ይወጣል።

ሰውየው ወደ ሐይቁ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ግራ ፍሬቻ ነካ። ከኋላ ቀኙ ብልጭ ብልጭ አለ። የባጃጁ ሹፌር እለፍ ተባልኩ ብሎ በግራ በኩል ወጣ። ከፊት ለፊት ድንጋይ የጫነ መኪና እየመጣ ነበር።

ሰውየው ባጃጁን በስፖኪዮ ያየው ያን ጊዜ ነው። መጮህ ፈልጎ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ እጁም ክላክሱ ላይ መድረስ አቃተው። ባጃጁ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ከመንገድ ወጣና ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። የድንጋዩ መኪና ክላክሱን እያንባረቀ ለጥቂት ስቶት አለፈ።

ከመኪናው እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ሚስቱ በሆዷ እየተሳበች ከባጃጁ ሥር ወጣች፤ ግንባሯ ተሰንጥቆ ደሙ በዓይኗ ላይ ይወርዳል፣ ቀሚሷ በወጥ ተነክሯል። ሹፌሩ የተሰበረ እጁን ታቅፎ ይጮሃል።

«ጋሼ፣ እለፍ ብለውኝ እኮ ነው! ቀኝ አብርተው እለፍ ብለውኝ እኮ ነው!»

«ግራ ነው ያበራሁት! በእግዚአብሔር ስም፣ ግራ ነው!» አለ ሰውየው። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ትናንት በርቷል አላልሽኝም? በዓይንሽ አይተሽ በርቷል አላልሽኝም?»

ሚስቱ ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አልበራም ነበር» አለችው። «አልበራም ስልህ ዋልኩ፣ አልሰማ አልከኝ። በርቷል ስልህ ነው መጮህህን የተውከው።»

ሰውየውን ከአደጋው ይልቅ ይህ ነገር አስደነገጠው። ይህች ሴት ከዚያ ተሳቢ ኋላ ራሷ እንደምትሄድ እያወቀች «በርቷል» አለች። ከመኪና አደጋ ይልቅ የፈራችው የገዛ ባሏን ጩኸት ነበር። በቤቱ ስንት ዘመን እንዲህ እንደኖረች አሰበ።

ሰዎች ደርሰው ሁሉንም ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። የሹፌሩ እጅ ታሰረ፣ የሚስቱም ግንባር ተሰፋ። ሰውየው ቤት ካስገባት በኋላ ብቻውን ወደ ተሳቢው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አምፖል አልነካም። ከተሳቢው ሥር በጀርባው ገብቶ ሽቦዎቹ ወዴት እንደሚያመሩ በጣቱ እየተከተለ አየ። ወደ መብራቶቹ የሚሄዱት ሽቦዎች ለየብቻ ናቸው። ኤሌክትሪክ ግን ሄዶ አይቀርም፣ መመለሻ ይፈልጋል፤ የሁሉም መመለሻ አንድ ቡሎን ላይ ተሰብስቦ ከተሳቢው ብረት ጋር ታስሯል። ያን ቡሎን ፈታው። ከሥሩ እሱ ራሱ የቀባው ሰማያዊ ቀለም ብረቱን ሸፍኖታል።

ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የግራው መመለሻ ሲያጣ በቀኙ በኩል ይሾልካል፣ የፍሬኑም በፍሬቻው በኩል ይሾልካል። ሲሰድባቸው የዋላቸው መብራቶች አንዳቸውም አልተበላሹም ነበር። ሰውየው ቢላዋ አወጣና ሰው ሁሉ ያደነቀለትን ቀለም ብረቱ ፍንትው እስኪል ፋቀው። ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ።

ከዚያ ተሳቢውን ቤት ድረስ ጎትቶ፣ ሚስቱን ለምኖ እንደገና ከኋላ አቆማት። «ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ» አላት፤ «ካልበራም አልበራም በዪኝ።» ግራ ነካ። ግራው በራ፣ ጥርት ብሎ በራ። ሚስቱ ግን መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ መሪው በኩል ዞር ብላ ፊቱን አየች። ሽቦው ወዲያው ነው የተስተካከለው፤ ያ ሌላው ግን ገና ብዙ ጊዜ ፈጀ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ያንተም ነገር ይኸው ነው። አንዱ ልጅ ብቻ ቢዋሽህ ልጁን እይ እልህ ነበር። ሦስቱም ሲዋሹህ ግን የሦስቱም ነገር የሚመለስበትን ቦታ እይ። እሱ አንተ ነህ። የተከበርክ ሰው ነህ፣ በአደባባይ ስትናገር ሁሉም ይሰማሃል፤ ያን ክብርህን ቤትህ ድረስ ይዘኸው ገብተህ ልጅ የሚጠጋበት ባዶ ቦታ አላስቀረህም። እውነቱን ይዞ ሲመጣ አንተ ጋ መግቢያ ያጣል፤ ስለዚህ ጥፋቱን በወንድሙ በኩል ያወጣዋል፣ ወይ ደህና ነኝ ብሎህ ያልፋል። አንተም አንዱን ነቅለህ ሌላውን ለመትከል ዱላ ትመርጣለህ።

አትቆጣ። ብትቆጣም የማውቀውን እነግርሃለሁ። ባለፈው ሰሞን መካከለኛዋ ልጅህ እዚህ፣ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀምጣ ነበር። ያለችኝን እኔ አልነግርህም፣ እሷው ትንገርህ። ቀላል ነገር እንዳይመስልህ፤ እኔ ሽማግሌው ሰምቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድም ሳትደብቅ፣ አንድም ሳትጨምር ነው የነገረችኝ። ይህች ናት ውሸታም የምትላት ልጅ! ለአባትሽ ለምን አትነግሪውም ብላት፣ «ማታ ማታ ይጠይቀኛል፤ ደህና ነኝ ካልኩት ራታችንን በሰላም እንበላለን» አለችኝ።

ተነስ፣ አሁን ሂድ። ስለ ቅጣት አታንሳ፤ ጠይቃት። ስትነግርህም ፊትህን ጠብቅ፤ ቀድማ የምታየው እሱን ነው።