ተማሪዎቹ በራሳቸው የደረሱበት

ምላሷ የሰላ አንዲት የገጠር መምህርት ነበረች። በሃያ ዓመት አገልግሎቷ ሥርዓተ ትምህርቱ አራት ጊዜ ሲለወጥ አይታለች። የመጨረሻው ከታወጀ ሁለት ዓመት ቢሞላውም፣ ከአዲሱ መጽሐፍ አንድ ገጽ እንኳ ትምህርት ቤቷ አልደረሰም። ምን ታድርግ፣ ሽፋኑ በተገነጠለው በአሮጌው ታስተምር ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ኃላፊው አቶ ደርበው በትልቅ መኪና መጡ። አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ካረቀቁት አንዱ እሳቸው መሆናቸውን ሳይናገሩ የሚወጡበት ስብሰባ አልነበረም። ሳያንኳኩ ክፍል ገቡና አሮጌውን መጽሐፍ ከጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣታቸው አነሱት።

«ይህ እኮ የተሻረ ነው!» ብለው በተማሪዎቹ ፊት ጮኹባት። «በአዲሱ ሥርዓት ተማሪ አይነገረውም፤ አስተውሎ፣ መርምሮ በራሱ ይደርስበታል። አንቺ ግን ዛሬም ታስሸመድጃለሽ። በይ፣ አንቺ ሳታስተምሪያቸው ልጆቹ በራሳቸው የደረሱበትን አንድ እውቀት ጥሪልኝ። ካጣሽ ከነገ ጀምሮ ይህን ክፍል እንዳትረግጪ!»

ስልሳ ሦስቱም ተማሪዎች ወደ መምህርታቸው ዞሩ። መምህርቷም የእንጀራ ነገር ነውና ልቧ ደነገጠ፤ ምላሷ ግን አልደነገጠም።

«አለ እንጂ፣ ክቡር ኃላፊ» አለች ጎንበስ ብላ። «አዲሱ መጽሐፍ እንደማይመጣ ደርሰውበታል። ይህን ደግሞ እኔ በፍጹም አላስተማርኳቸውም። እኔማ ከቢሮዎ በሚደርሰኝ ደብዳቤ መሠረት፣ 'በቅርቡ ይመጣል' እያልኩ ነበር የማስሸመድዳቸው።»