እመት እንክብልና የመሀረቡ ቋጠሮ

ተረት ተረት ስል "የመሠረት" በሉኝ፤ ዛሬ ግን ተቆጥቼ ነው የማወራው።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ እመት እንክብል የምትባል መድኃኒት ነበረች። ባክቴሪያ ገዳይ ናት፤ የደረሰችበት ቁስል ሁሉ ይደርቅ ነበር። ጎረቤቷ አያ ብር ነው። ገንዘቡ ብር አይደለም፤ ቀለበትና መስቀል የሚሠራበት፣ በውሃ ተበጥብጦ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠው።

አንድ ቀን ከእማማ አስካለች የእግር ቁስል የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ሳህን ላይ ተዘርተው መጡ። የሚገድላቸው ካልተገኘ የእማማ እግር ሊቆረጥ ነው ተባለ።

በመጀመሪያው ቀን እመት እንክብል ሳህኑ ላይ ወረደች። አንድም የሞተ የለም። የባክቴሪያዎቹ አለቃ ሳቀባት።

"እንተዋወቃለን እኮ፣ እመት እንክብል። አምና እማማ ቤት ሦስት ቀን ፈጀሽን። በአራተኛው ቀን ቁስሉ ሻል ሲላቸው፣ የቀሩትን እህቶችሽን መሀረብ ጫፍ ላይ ቋጥረው ለምታስል ጎረቤታቸው ሰጡ። የተረፍነው አመልሽን አጥንተን በራችንን ዘጋንብሽ።"

እመት እንክብል ደሟ ፈላ። ለሰባት ቀን ተልካ በአራተኛው ቀን መባረሯ፣ አሁን ደግሞ "አትሠራም" ተብላ ስሟ መጥፋቱ አንገበገባት። ምን አጠፋችና?

በሁለተኛው ቀን አያ ብር ብቻውን ወረደ። ብዙ ብር ሥጋ ይጎዳል ተብሎ የተላከው በጠብታ ነው። ግድግዳቸውን ሸነቆረ፣ ግን ደከመው። እነሱም ቀዳዳውን ይደፍኑ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን አብረው ወረዱ። አያ ብር ሸነቆረ፣ እመት እንክብል በቀዳዳው ገባች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? በማግስቱ በዙሪያቸው አንድም ባክቴሪያ አልተገኘም።

ሐኪሙም አያ ብርን በፋሻው ላይ፣ እመት እንክብልን በአፍ አዘዘ። የእማማ እግር ተረፈ፤ ሁለት ጣታቸው ግን ተቆረጠ።

እማማ የዐሥር ቀን እንክብል ይዘው ቤታቸው ገቡ። በአምስተኛው ቀን ሻል አላቸው። ደግ ሴት ናቸውና የቀረውን መሀረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ።

እመት እንክብል ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም።

"እማማ፣ ጣትዎን የበላው ቁስሉ ብቻ መሰለዎት? ይሄ ቋጠሮም በልቶታል። ደግነትዎ የሚጠቅመው ጎረቤትዎን ሳይሆን እነዚያን ባክቴሪያዎች ነው። ይጨርሱኝ።"

እማማ ጎንበስ ብለው ጣት የጎደለውን እግራቸውን አዩ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈቱና ውሃ አምጡልኝ አሉ።

ተረቴን መልሱ፤ የጀመራችሁትን መድኃኒት ጨርሱ።