የባሻ ይርዳው ሰዓትና የቀኛዝማች ዋስትና

ባሻ ይርዳውን በዓይናቸው ያዩ የደሴ ሰዎች ዛሬ ብዙም የሉም፤ ጨዋታቸው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እኛም ዘንድ ደርሷል።

ባሻ ሀብታቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ተንታ ያሉትን እናታቸውን የሚጠይቁትም በእሷ ነው። ይህችን በቅሎ ቀኛዝማች አዳፍሬ የሚባሉ ባለጸጋ ነጋዴ ከተመኟት ቆይተዋል። አንድ ቀን ባሻን ወደ ሱቃቸው ጠሩና ብዙ ክንድ ያየ አሮጌ የእጅ ሰዓት ወልውለው አሳዩአቸው።

«አውቶማቲክ ነው። ሙላኝ አይልም፤ ክንድህ በተወዛወዘ ቁጥር ራሱን ይሞላል። የዓመት ዋስትናም እሰጥሃለሁ» አሏቸው።

ባሻ ከማብረቅረቁ የተነሣ ልባቸው ሸፈተና ሰዓቱን አስረው በቅሎዋን ፈቱ። በእግራቸው ወደ ቤት ሲያዘግሙ አንድ ጎረቤት አገኛቸው። «ምነው ባሻ፣ በቅሎን የሚያህል ነገር በሰዓት ይለወጣል?» ቢላቸው፣

«በቅሎዋ ታደርሰኝ ነበር፤ ይህ ደግሞ ምን ያህል እንደ ዘገየሁ ይነግረኛል» አሉት።

ሰዓቱ ግን ብዙ አልቆየም። ሲሄድ ይውልና ይቆማል፤ ሲነቀንቁት ትንሽ ይራመድና ደግሞ ይቆማል። ባሻ ወደ ቀኛዝማች ሄደው አቤት አሉ።

«ጥፋቱ የሰዓቱ አይደለም፤ የአንተ ስንፍና ነው» አሉ ቀኛዝማች። «እጅህን አጣጥፈህ ስለምትውል ነው። እጅህን አታሳርፍ!»

በዚያው ሰሞን ቀኛዝማች ለሚካኤል ግብዣ አደረጉ። ሰው ይብላ ብለው ይጠሩና የእንግዳውን ጉርሻ በዓይናቸው የሚከተሉ ሰው ናቸው። ባሻ መሶቡ አጠገብ ተመቻችተው ተቀመጡና እጃቸው ከመሶብ ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ መሶብ ይመላለስ ጀመር። ቀኛዝማች ወጡ ሲጎድል እያዩ ታገሡ፣ ታገሡና በመጨረሻ፣ «ኧረ ባሻ፣ እጅህን አሳርፈው እንጂ!» አሉ።

ባሻ ጉርሻቸውን ሳያስቀምጡ፣

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ዋስትናዬ እንዳይፈርስ ብዬ ነው» አሉ።

ከዚያም ሰዓቱን ለሰዓት ሠሪ አሳዩት። ሰዓት ሠሪው ከፈተው፤ ከክንድ ጋር የሚሽከረከረው ብረት መቀመጫውን ፍቆ ጨርሶታል። «የቆየ ነገር ነው፤ ውስጡ ተበልቷል» አላቸው። ባሻ ቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ዘርፌ፣ «ውስጡ ተበልቷል አለኝ» ቢሏቸው፣ እናታቸውን ካዩ የሰነበቱት ወይዘሮ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣

«ከሰዓቱ በፊት እርስዎ ተበልተዋል» አሏቸው።

 ነገሩ ባሻን ከነከናቸው። በማግስቱ በጧት ቀኛዝማች ሱቅ ደርሰው ሰዓት ሠሪው ያላቸውን ተናገሩ።

ቀኛዝማች ሳቁ። «እኔ ዋስትና የገባሁት ለተሰበረ ነው እንጂ ላለቀ አይደለም። ይኸው፣ ምኑ ተሰብሯል?»

«እንግዲያውስ ዘነዘና ያውሱኝና ዋስትናው ውስጥ ልግባ» አሉ ባሻ።

ነገሩ ዳኛ ፊት ደረሰ። ቀኛዝማች ካባቸውን ደርበው ቆሙና፣ «ጌታዬ፣ እኔ ስሰጠው ሰዓቱ ደኅና ነበር። ያለቀው በዚህ ሰው እጅ ነው» ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ወደ ባሻ ዞረው፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ።

«ጌታዬ፣ እኔ እጅ ከገባ ወዲህ ከሄደበት ቀን የቆመበት ይበልጣል። ቆሞ የከረመ በምን ያልቃል?»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ ቀኛዝማች ላለቀው ዕቃ ምትክ ከባሕር ማዶ አስመጥተው ሰዓቱን ያሠሩ፤ ሰዓቱ ተሠርቶ ለባሻ እስኪመለስ ድረስ በቅሎዋ ባሻ ዘንድ ትቆይ።

ቀኛዝማች ፊታቸው እንደ ጠቆረ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ አስመጡ። ባሻም ሰዓቱን ከክንዳቸው ፈትተው በቀኛዝማች መዳፍ ላይ አኖሩት፤ አንገቷን ዳበስ አደረጉና ወጡባት። ወይዘሮ ዘርፌ ስንቃቸውን ቋጥረው ቤት እየጠበቁ ነው። ቀኛዝማች ግን ሽንፈቱ አልዋጥላቸው ብሎ ልጓሙን ያዝ አደረጉና፣

«ብዙ ደስ አይበልህ ባሻ! ዕቃው በሰዓቱ ይመጣል፤ ያን ጊዜ በቅሎዬን ትመልሳለህ» አሏቸው።

ባሻ ከኮርቻው ላይ ጎንበስ ብለው በቀኛዝማች መዳፍ ላይ ያለውን ሰዓት አዩና፣

«በየትኛው ሰዓት ጌታዬ? በዚህኛው ከሆነማ ገና ትናንት ነው» አሉ።