አራት ገጾች በአንድ ጠባብ በረት

ተረት ተረት፤ በረቱ ጠባብ፣ ላሞቹ አራት። በረቱ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ነው። ላሞቹ የሰፈሩ ድረ ገጾች ናቸው፤ የእድሩ፣ የቤተ መጻሕፍቱ፣ የኳስ ቡድኑና የተማሪዎቹ። የምትጠብቃቸው ትርንጎ ናት። ሰው ሲበዛ የሚሰፋ፣ ሰው ሲቀንስ የሚጠብ ሌላ ሰርቨር ከአከራዩ ድርጅት ከመረጠች ወር ሆኗታል። ግን በእድሩ ስብሰባ ላይ እጇን ማውጣት ፈርታ ሐሳቡን ሳታቀርብ ቀረች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አያቷ አባባ ገላጋይ ከቤት ወጥተው ጠፉ። መርሳት ከጀመራቸው ቆይቷል። ትርንጎ ፎቷቸውን በእድሩ ገጽ ላይ ለጠፈች። ሰፈርተኛው በአንዴ ሊያይ ሲከፍት ገጹ ድርቅ አለ።

«ገጽ ሆይ፣ ተከፈትና አያቴን አሳይልኝ።»

«አልከፈትም! በረቱ ጠቦኛል።»

«ሰርቨር ሆይ፣ ስፋ።»

«አልሰፋም! ድርጅቱ አላዘዘኝም።»

ወደ አከራዩ ድርጅት ደወለች። «እህቴ፣ የእድሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካልመጣ አንነካውም» አላት ስልኩን ያነሳው ሰው። ድርጅቱ አያዝም፤ ሰርቨሩ አይሰፋም፤ ገጹ አይከፈትም። ፀሐይዋ ደግሞ ማዘቅዘቅ ጀምራለች።

እድሩ ቤት ሮጠች። ሊቀመንበሩ ጋሽ ይርጋለም ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ማኅተሙ እዚሁ አለ። ግን ቃለ ጉባኤ ሳላይ አልመታም፤ ደንብ ነው ልጄ።» ማኅተሙ አይመታም፤ ድርጅቱ አያዝም፤ ሰርቨሩ አይሰፋም፤ ገጹ አይከፈትም።

ወደ ጸሐፊዋ እትዬ ዘነቡ ዞረች። «መዝገቡ ይኸው፣ እስክሪብቶው ይኸው። ግን እዚህ ያለነው አራት ነን፤ አምስቱም የኮሚቴ አባላት ካልተቀመጡ አንድ መስመር አልጽፍም!»

«አምስተኛው ማን ናቸው?»

«ምነው ትርንጎዬ! አያትሽ ናቸዋ!»

ትርንጎ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። አያቷ ካልተቀመጡ ቃለ ጉባኤው አይጻፍም፤ ቃለ ጉባኤው ካልተጻፈ ማኅተሙ አይመታም፤ ማኅተሙ ካልተመታ ድርጅቱ አያዝም፤ ድርጅቱ ካላዘዘ ሰርቨሩ አይሰፋም፤ ሰርቨሩ ካልሰፋ ገጹ አይከፈትም፤ ገጹ ካልተከፈተ አያቷ አይገኙም።

በሩ ላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሽብሩ ተቀምጠዋል። ሞት በገጹ መነገር ከጀመረ ወዲህ ሥራ ፈትተዋል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ለአባባ ይንፉልኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ለሕያው ሰው ጥሩምባ? ኧረ ሟርት ነው!»

«ይንፉ!» ብላ ጮኸች። በጩኸቷ ራሷም ደነገጠች።

ጋሽ ሽብሩ ነፉ። ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ከሁሉም ኋላ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። ከቀብር ቀርተው አያውቁም፤ የቤታቸውን መንገድ ቢረሱ እንኳ ጥሩምባ አይረሱም።

«ማን ሞተ?» አሉ አባባ ገላጋይ።

«ማንም! ማንም አልሞተም! ይቀመጡ ብቻ!» አለች ትርንጎ እያለቀሰች።

ተቀመጡ። አምስቱ ሞሉ፤ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ማኅተሙ ተመታ፤ ደብዳቤው በስልክ ተላከ፤ ድርጅቱ አዘዘ፤ ሰርቨሩ ሰፋ፤ ገጹም ተከፈተ። የጠፉት ሰው ፎቶ ቦግ አለ። አባባ ገላጋይ የትርንጎን ስልክ ተቀብለው ትክ ብለው አዩት።

«ምስኪን ሽማግሌ! በሉ ተነሡ፣ እንፈልገው እንጂ!»

ትርንጎ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ተገኝቷል አባባ። ወደ ቤት እንውሰደው።»

ተረቴን መልሱ፤ በረቱ ሰፍቷል።