የአራጋው ብልቃጥ

በገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች፣ አፋፍ ገበያ በምትባል ከተማ ሰውን ለማሳፈር የሚወረወር አንድ አባባል አለ። እንግዳ ሲሰማው ይስቃል። የከተማዋ ሰው ግን አይስቅም፤ ዓይኑን ሰብሮ ወደ ቤቱ መስኮት ይመለከታል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ የገባኝ እዚያ ከርሜ፣ ከብዙ ሰው አፍ ጥቂት ጥቂት ለቅሜ ነው። አባባሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ በሬዎቹ እነማን እንደነበሩ ግን ሁሉም አያነሣም። ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ እኔ ግን ላነሣቸው ነው።

አፋፍ ገበያ የኦፓል ከተማ ናት። ከሥሯ ያለው ገደል ሆዱ በዋሻ የተበሳሳ ነው። ጎልማሶቹ ወገባቸውን በገመድ ታስረው ይወርዱና፣ ቀስተ ደመና የዋጠ የሚመስለውን ድንጋይ ይዘው ይወጡ ነበር። በደጉ ጊዜ ከተማዋ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ሞፈር የለመደ እጅ የመኪና መሪ ጨበጠ። ጎጆ የነበረው ሁሉ ፎቅ ጀመረ፤ «ጀመረ» ነው ያልሁት፤ ብረቱ ዛሬም ወደ ሰማይ እንደተገተረ ነው። በፔንሲዮን ላይ ፔንሲዮን ተሠራ። «ተመስገን» የሚል ሰው እያነሰ ሄደ፤ ሁሉም ከገዛ ክንዱ ያገኘው መሰለው።

ከዚያ ገዢዎቹ ቀሩ። አንዱ «ዶላሩ ነው» አለ፤ አንዱ «ባሕር ማዶ በፋብሪካ ይሠሩት ጀመር» አለ፤ አንዱ «የቀናብን ዓይን አለ» ብሎ ጠበል ሄደ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ድንጋዩ አለ፣ የሚገዛው ጠፋ። የፔንሲዮኖቹ ክፍሎች ዶሮ ማርቢያ ሆኑ። በቆሙት ባጃጆች ጎማ ዙሪያ ሣር በቀለ። ደላሎቹ ግን ጫማ ማስጠረግ አላቆሙም። ጠዋት ጠዋት ከባንኩ ግንብ ሥር ተደርድረው፣ ባልበሉበት ጥርሳቸውን በስቴኪኒ እየጎረጎሩ «ዋጋው ሰሞኑን ሊነሣ ነው» ይባባላሉ።

አሁን ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦፓል እርጥብ እያለ ሁሉም ያምራል፤ ስንጥቁ አይታይም፣ ቀለሙ ይንቀለቀላል። በጥላ ሰንብቶ ሲደርቅ ግን ማንነቱ ይወጣል። ጥሩው ጥሩ እንደሆነ ይቀራል፤ መናኛው እንደ አሮጌ ኖራ ይነጣና ይሰነጣጠቃል። ለዚህ ነው ቆፋሪዎቹ «የጥላ ቀን» የሚባል ደንብ ያቆሙት። ገዢ ድንጋዩን ወስዶ በጥላ ያደርቀዋል። እስከተቆረጠው ቀን ድረስ ከተሰነጠቀበት ድንጋዩን መልሶ የሰጠውን ይወስዳል። ክፉው ጊዜ ሲመጣ ደንቡን የሻረው የለም፤ የሚጠቀምበት ግን ጠፋ። ሁሉም ቤት ድንጋዩን ውሃ በሞላ ብልቃጥ ከቶ መስኮቱ ላይ ደረደረ። ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ባለቤቱ ሀብታም ነው፤ ምን ሲል ያወጣዋል?

አራጋው ገበሬ ነው። ከምንጩ አጠገብ ያለችው ጥቁር አፈር የእሱ ናት። ቦራና ዳልቻ የሚባሉ፣ ትከሻቸው አገር ያስቀና ጥማድ በሬዎችም ነበሩት። በደጉ ጊዜ ገደል ስላልወረደ ፈሪ ተባለ። የሚስቱ ወንድሞች ቤታቸውን ቆርቆሮ ሲያለብሱ እሱ በሣር ክዳኑ ቀረ፤ በሠርግ ላይም ከበሩ አጠገብ ነበር የሚያስቀምጡት። ዛሬ እነዚያው ሰዎች ቁና ይዘው እህል ሊበደሩ እሱ ቤት ይመጣሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አምላኩን አመስግኖ ማረሻውን ይስላል። እሱ ግን ያ የበሩ አጠገብ መቀመጫ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ሰው ሁሉ ሲሮጥ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ሲቆም ሊሮጥ ተነሣ።

ፈንታው የሚባለው ባለ ወርቅ ጥርሱ ደላላ ይህን አሸተተ። በደጉ ጊዜ «አንተ ገበሬ፣ ጭቃህን አራግፈህ እለፍ» የሚለው እሱ ነበር። ፋሲካ እንዳለፈ ጠጠር የሚያካክሉ ኦፓሎች የሞሉበት ብልቃጥ በነጭ ፎጣ ጠቅልሎ አራጋው ደጅ ቆመ።

«አያ አራጋው፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ። ያ ጭቃ አንቱታ አብቅሎ ነበር።

«ደኅና ነኝ። ምን እግር ጣለህ?»

«ምስጢር ይዤ ነው። ድንጋይ ሊነሣ ነው። ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልሁም።»

«ታዲያ አንተ ለምን አታስቀምጠውም?»

«ሆዴ መች ያስቀምጠኛል! ድንጋይ የሚያስቀምጥ እንደርስዎ ጎተራው የሞላ ሰው ነው።»

ፎጣውን ገልጦ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሣው። ቀዩ ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ወይን ጠጅ ሮጠ። አራጋው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ሚስቱ ስንዱ ከጓሮ መጣች። «ቆንጆ ነው» አለች፤ «እስቲ ከውሃው አውጣውና ሰንበት ብለን እንየው።»

ፈንታው ሳቀ። «እትዬ ስንዱ፣ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ፊቷን ታጠቢ ትባላለች እንዴ?»

«ቀለም ተለቅልቃ ከመጣች ትባላለች።»

ስለ ብር ማንም አላነሣም፤ ፈንታው ከገበሬ ቤት ብር እንደማይገኝ ያውቃል። ዓይኑ ግርግሙ ላይ ነበር።

«ቦራንና ዳልቻን?» አለች ስንዱ፣ ነገሩ ሲገባት። «ክረምቱ እየመጣ? መሬቱን በጥፍርህ ልትቧጥጠው ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ድንጋዩ ሲነሣ ትራክተር እገዛለሁ።»

«ማን ሊነዳልህ? አንተ እንደሆንህ ባጃጅ ስትሳፈር እንኳ ዓይንህን ትጨፍናለህ።»

በደንቡ ምስክር ያስፈልጋልና ጋሽ ይመር ተጠሩ። ጋሽ ይመር የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ታላቅ ናቸው፤ ገመድ ተበጥሶባቸው ከገደሉ ወድቀው አንድ እግራቸው ቀርቷል። ሙስሊም ናቸው፤ ቀን ሲቆርጡ ግን እንደ አገሩ ሰው በሚካኤልና በማርያም ነው የሚቆርጡት።

«የጥላ ቀን እስከ ሰኔ ሚካኤል ይሁን» አሉ። «አንተ አራጋው፣ ድንጋዩን ከዛሬ ጀምረህ አድርቅ። ከተሰነጠቀ ብልቃጡን ትመልሳለህ፣ በሬዎችህን ትነዳለህ። ፈንታው፣ እስከዚያ ቀን በሬዎቹን ብትሸጥ ጠብህ ከኔ ጋር ነው። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ ጋሽ ይመር። ደንብ አይደል!» አለ ፈንታው፣ ምንም ሳያቅማማ። በሬዎቹን ፈትቶ ሲወጣ ግን ወደ አራጋው ጆሮ ጠጋ አለ። «መብትዎ ነው፣ ያድርቁት። ይህን የመሰለ እሳት በእጁ የሚያጠፋ አንጀት ካለዎት።»

ደላላ ድንጋይ ባያውቅ እንኳ ሰው ያውቃል።

ብልቃጡ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። የሚስቱ ወንድሞች መጥተው አዩና «ጋሼ» አሉት። በመጣው ሠርግ ከዳሱ ራስጌ አስቀመጡት። ስንዱ «አውጣው» ባለችው ቁጥር ምክንያት አያጣም፦ ዛሬ ነፋስ ነው፣ ዛሬ ፀሐዩ ይከራል፣ አሁን ጾም ገብቷል። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለበት ብሎ ስለሰጋ፣ ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን አቅፎ ምንጭ ይወርዳል። ከብቶች ከሚጠጡበት በላይ፣ ውሃው ከሚፈልቅበት ቁጭ ብሎ ድንጋዮቹን በሳፋ ይገለብጥና ውሃ ይቀይርላቸዋል።

ስንዱ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንዲት ጠጠር ሰርቃ ባቄላ ጎታ ውስጥ ደብቃ ነበር። በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ አውጥታ መዳፏን ፊቱ ዘረጋች። ጠጠሯ ነጥታለች፤ ከመካከሏም ለሁለት ተከፍላለች።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከብልቃጥህ። ነገ ቀኑ ነው፤ ተሸክመህ ሂድና በሬዎቼን በል።»

«እጅሽ ቅቤ ነበረበት። ቅቤ ነው የሰነጠቃት።»

«ቅቤ ካየን ስንት ጊዜያችን! ሁሉም ከአንድ ገደል የወጡ አይደሉም? አንዷ የሆነችውን ሌሎቹም ይሆናሉ።»

«አንዱ ቢሰርቅ ከአንድ እናት የወጣ ሁሉ ሌባ ነው?»

ስንዱ ቁጭ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ ሰው፣ ደንቡ እኮ ላንተ ነው የቆመው» አለችው። «መልስና እንረስ።»

«ብመልሰው ሰው ምን ይለኛል? ወንድሞችሽ ምን ይሉኛል?»

«ባትመልሰውስ ልጆችህ ምን ይበላሉ?»

አራጋው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በማግሥቱ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ተሳለም። «ሚካኤል ሆይ፣ ድንጋዬን ከስንጥቅ ጠብቅልኝ፤ ጃንጥላ አገባለሁ» አለ። ስለት መልካም ነው፤ እኔም ተስዬ ሰምሮልኛል። ነገር ግን መልአኩ መንገዱን ከፍቶለት ነበር። በሬዎቹ እዚያው ከተማ ውስጥ ታስረው፣ ምስክሩ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቀኑም ገና ሳይመሽ ይጠብቁት ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ደጁ ላይ ተንበርክኮ ቁልፍ የሚለምንን ሰው መልአክስ ምን ያድርገው? ጋሽ ይመር እስከ ማታ ጠብቀው ዱላቸውን አነሡና ገቡ። ቀኑ አለፈ።

ዝናቡ ጣለ። ጎረቤቱ ሁሉ ጠምዶ ወጣ፤ የአራጋው መሬት አረም አበቀለች። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን በሬ ላለው እኩል ይሰጣል፣ እህሉንም ለሁለት ይካፈላሉ፤ የአገሩ ደንብ ነው። አንድ ቀን ፈንታው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ያን የሚያስጠርገውን ጫማ አውልቆ መጣ።

«አያ አራጋው፣ መሬትዎ ጦሟን ልታድር ነው። እኩል ልረስልዎ?»

አራጋው እሺ ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው? ደላላው በአራጋው መሬት፣ በአራጋው በሬዎች፣ ከበሬዎቹ ጋር በወሰደው በአራጋው ጅራፍ ለራሱ ግማሽ እህል ያርስ ጀመር። ስንዱ ልጆቿን ለመመገብ በሰው ማሳ ለአረም ተቀጠረች። ከወንድሞቿ አንዱም «ጋሼ» ሲል አልተሰማም። አራጋው ግን ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን አቅፎ ምንጭ መውረዱን አልተወም።

በአንዱ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ፈንታው ሳይጠምድ በፊት በሬዎቹን ሊያጠጣ ምንጭ አወረደ። ጋሽ ይመርም አህያቸውን ያጠጡ ነበር። አራጋው ከላይ ቁጭ ብሎ፣ ድንጋዮቹን በሳፋ ገልብጦ አዲስ ውሃ አፍስሶላቸዋል። ቦራ አንገቱን ቀና አደረገና አሸተተ። ከዳልቻ ተለይቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣና የአራጋውን ትከሻ ላሰው። ከዚያም በአራጋው ቤት በለመደው ገንዳ እንደሚያደርገው አፉን ሳፋው ውስጥ ነክሮ መጠጣት ጀመረ።

አራጋው ዘሎ ተነሣና በጥፊ አፍንጫውን መታው። «ሂድ ወዲያ! ልታደርቅብኝ ነው? ሂድ!»

በሬው ወደ ኋላ አለ፤ ግን አልሄደም፣ ቆሞ አየው። አራጋው እሱን ትቶ ተንበረከከና በእፍኙ እየቀዳ በድንጋዮቹ ላይ ያፈስ ጀመር።

«ቦራ፣ ና ልጄ» አለ ፈንታው ከታች፤ «ሰውየው ሥራ ላይ ነው።»

ከመንገድ ለራዲያተሩ ውሃ ሊቀዳ የወረደ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲመለከት ነበር። ነገሩ ግራ ቢገባው ወደ ጋሽ ይመር ዞሮ «አባት፣ ያ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ይመር አህያቸውን እየነዱ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ መለሱለት፦ «በሬውን ሰጥቶ ጠጠር ያጠጣል።»