የጉጠቷ ጥጃ

አንድ ቀን ደንበጫ ገበያ ዳር ሁለት ብረት ቀጥቃጮች በአንዲት ጉጠት ተጣሉ። ጉጠት ስላችሁ እንዳትንቋት! ፍም የመሰለ ብረት በጣት አይያዝም፤ ጉጠት የሌለው ቀጥቃጭ እጅ እንደሌለው ነው። ለዚህም ነው የብረት ቤቱ ጌታ አቶ ሽባባው ያለቻቸውን አንዲት ጉጠት ማታ ማታ ይዘዋት የሚገቡት። ትራሳቸው ሥር ያሳድሯታል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ሚስታቸው ናቸው ያሙት።

ምንውዬለት ደግሞ የእሳቸው ሠራተኛ ነው። ማረሻ ቢሉት ማረሻ፣ ማጭድ ቢሉት ማጭድ፣ እጁ የተባረከ፤ አፉም ከእጁ አያንስም። ምን ዋጋ አለው፣ የራሱ ጉጠት የለውም! በዚያ ሰፈር ደግሞ ወጉ የታወቀ ነው፤ ጉጠት ያለው የራሱን እሳት ያነዳል፣ የሌለው የሰው መዶሻ ሲያነሳ ሲጥል ይኖራል። አቶ ሽባባውም ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ፣ «ጉጠት ልሥራ» ባላቸው ቁጥር «ምን አጣህ? የእኔ አለችልህ አይደል!» ይሉታል። አዎ፣ አለች፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ።

ምንውዬለት ግን ቆርጧል። ከፈረሰ ቤት ሁለት ዘለግ ያለ ፌሮ ለቀመ። ፌሮ ረጅም ከሆነ አንዱ ጫፍ ቢግል ሌላውን ጫፍ በእጅ ይይዙታል፤ እንዲያ እያደረገ በየምሳ ሰዓቱ፣ በገዛ ከሰሉ፣ ጠፍጠፍ ጎበጥ አደረጋቸው። ለመንጋጋዋ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ሁለት ቁራጭ ቆረጠ። እነዚህ ግን አጫጭር ስለሆኑ በእጅ አይያዙም፤ በአቶ ሽባባው ጉጠት ያዝ አድርጎ ቀጠቀጣቸው። ጎረቤቱ በር ሠሪ መንጋጋዎቹን ከፌሮዎቹ ጫፍ ጋር በየደለት። ምንውዬለትም ወገቧን በስቶ ብሎን አገባባት፤ አጋላትና ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሲያደርጋት ላላችለት። ሰውዬው በደስታ ሊስማት ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን ሊያቃጥል ነበር።

ይሄኔ አቶ ሽባባው ከች አሉ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ጉጠቴ ናት ጋሼ።»

«ጉጠትህ? በምን ይዘህ ሠራሃት?»

ምንውዬለት መዋሸት አልሆነለትም። «መንጋጋዋን እንኳ በእርስዎ ጉጠት ያዝ አድርጌ…»

«አበቃ! ወዲህ በላት!» ብለው ነጠቁት።

የምንውዬለት ደም ፈላ። ጉጠቷ ከሄደች እሱም ዕድሜ ልኩን የሰው ሎሌ መሆኑ ነው። እየተጨቃጨቁ አባ ይርዳው ዘንድ ሄዱ። አባ ይርዳው የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ መዶሻቸውን ሰቀሉ እንጂ አቶ ሽባባውን ራሳቸውን ሙያ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሰሟቸው፤ ወሬ የጠማው ገበያተኛም ከቧቸው ቆመ።

አቶ ሽባባው ሁለቱንም ጉጠት ከሽማግሌው እግር ሥር አስቀመጡና፣ «አባ፣ ነገሩ አጭር ነው» አሉ። «ላሚቱ የእርስዎ ከሆነች ጥጃዋ የማን ናት?»

«የእኔ ናታ!»

«ኮርማው የጎረቤት ቢሆንስ? የበላችው ሣር የጎረቤት ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ! የላሚቱ ጌታ የጥጃዋም ጌታ ነው።»

«በቃ! ፌሮው የእሱ ይሁን፣ ከሰሉም የእሱ ይሁን። የእኔ ጉጠት ባትኖር ይቺ ጉጠት አትወለድም ነበር። ጥጃዬን ይዤ ልግባ!»

ገበያተኛው «ኧረ እውነታቸውን ነው» ብሎ አጉረመረመ። አባ ይርዳው ወደ ምንውዬለት ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ ልጄ?» አሉት።

ምንውዬለት የተረታ መስሎ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «ምን እላለሁ አባ፣ ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃቸው። ጋሼ፣ የእርስዎን ጉጠት ማን ነው የሠራት?»

አቶ ሽባባው ደረታቸውን ነፉ። «ማን ይሠራታል! እኔው ነኛ፣ በእነዚህ እጆቼ!»

«እጅዎ ይባረክ። በምን ይዘው?»



«በምን ይይዛል፣ በእኔ ጉጠት ነዋ!» አሉ አባ ይርዳው ትዝ ብሏቸው እየሳቁ። «እንዲያውም ሊሰብራት ነበር።»

«እንግዲያው ፍርዱን ተቀብያለሁ» አለ ምንውዬለት። «ላሚቱም የእርስዎ ጥጃ ናት አባ። እናትና ልጅ አይለያዩ፣ ሁለቱንም ነድተው ይግቡ። እኔና ጋሼ ከነገ ጀምሮ ብረቱን በጥርሳችን እንይዛለን።»

ገበያተኛው በሳቅ አውካካ። አባ ይርዳው ጎንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «የታለች ሽባባው? አቀብለኝ እንጂ፤ እኔም እኮ ላሜ ጠፍታብኝ ከርማለች» አሉ።

አቶ ሽባባው የራሳቸውን ጉጠት አፈፍ አድርገው ብብታቸው ውስጥ ወሸቁ፤ ሌላዋን ለምንውዬለት ወረወሩለትና ጮኹ።

«ኧረ አባ፣ በሞቴ! ብረት ደግሞ መቼ ወልዶ ያውቃል!»