ከጎረቤት የመጣው ድራይቨር

የሺሐረግ የምትባል ሴት የሠራችው አንድ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከዚሁ ስሙት። ልጇና ባሏ አብረው ሲስቁ ብትሰማ ቀናችና የቤቱን ኮምፒውተር አበላሸች።

ባሏ ታፈረ የሚሠራው ሩቅ፣ ስኳር ፋብሪካ ነው። አዳማ ወዳለው ቤቱ የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ከሰዓት አባት እዚያ፣ ልጅ እዚህ ኮምፒውተራቸውን ይከፍቱና በኢንተርኔት መኪና ይወዳደራሉ።

"አባዬ፣ አቧራዬን ቃም!" ትላለች ልጅቷ ሜላት።

"ቆይ አንቺ ቀበጥ፣ ኩርባው ላይ እንገናኛለን!" ይላል ታፈረ።

የሺሐረግ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማለች። እሷ ጋ ሲደውል የሚጠይቃት ውሃ መጣ አልመጣ እያለ ነው። አንድ ዓርብ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው በሌለበት፣ ቁጭ አለችና ድራይቨሩን አጠፋችው። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩንና ሥዕል የሚስለውን ካርድ የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው። እንዳጠፋችው ደነገጠች። መልሳ ልጫን ብትል ከየት ታምጣ? ወንፊት እንደሚዋስ ሰው ጎረቤቷ ዘንድ ሄደች።

"አስኩዬ፣ የናንተን ድራይቨር በፍላሽ አውሺኝ እስቲ። ኮምፒውተሮቻችን የተገዙት ከአንድ ሱቅ አይደል?"

"ውሰጂ እቴ! ለድራይቨር ደግሞ!" አለች ጎረቤቷ አስካለ።

ወሰደችና ጫነችው። ቅዳሜ ደረሰ።

ሜላት የፈለገችው ትንሽ ነገር ነበር፤ ከአባቷ ጋር አንድ ዙር መወዳደር። ጌሙን ብትከፍተው መንገዱ ሐምራዊ፣ ሰማዩ የተሰነጣጠቀ፣ መኪናዋ ጎማ ብቻ ሆና ብቅ አለችና ድርግም ብላ ጠፋች።

"ጌሜ፣ ተከፈት እንጂ!" አለች።

"በዚህ መልኬ ሰው ፊት አልወጣም። ስክሪኑ አዥጎርጉሮኛል" አለ ጌሙ። ጌሙ አልከፈት አለ፤ ሜላትም ከአባቷ ጋር ሳትወዳደር ቀረች።

ስክሪኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። "ስክሪን፣ ጥራ!"

"እኔን ምን ትመቺኛለሽ? ካርዱ የሰጠኝን ነው የማሳየው" አለ ስክሪኑ። ስክሪኑ አልጠራ አለ፤ ጌሙ አልከፈት አለ፤ ሜላትም ከአባቷ ጋር ሳትወዳደር ቀረች።

"ካርድ፣ ሳል!"

"ምኑን ልሳል? ድራይቨሩ የሚያወራው የሌላ ካርድ ቋንቋ ነው፤ አይገባኝም" አለ ካርዱ። ካርዱ አልስል አለ፤ ስክሪኑ አልጠራ አለ፤ ጌሙ አልከፈት አለ፤ ሜላትም ከአባቷ ጋር ሳትወዳደር ቀረች።

"ድራይቨር፣ ምን ሆነሃል?"

"እኔ? ደህና ነኝ፣ በሚገባ እየሠራሁ ነው። ካላስወጡኝም አልወጣም" አለ ድራይቨሩ። ከማን ቤት እንደመጣ ግን ትንፍሽ አላለም። ድራይቨሩ አልወጣ አለ፤ ካርዱ አልስል አለ፤ ስክሪኑ አልጠራ አለ፤ ጌሙ አልከፈት አለ፤ ሜላትም ከአባቷ ጋር ሳትወዳደር ቀረች።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ከፍያለው ተጠራ። አየት አደረገና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"እትዬ የሺ፣ ይሄን ዕቃ ማን ነካው?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለች የሺሐረግ።

"ድራይቨሩን ማንም ካልነካው ካርዱ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ በዚሁ ተሰናበቱት። የነካው ሰው ካለ ግን የሻይ መጠጫ ያህል ሥራ ነው። ሳይነገረኝ ከገባሁበት፣ ነገ ከፍያለው አቃጠለው ልባል አይደል? እጄን አላነሳም።"

የሺሐረግ አፏን አልከፍት አለች፤ ከፍያለው እጁን አላነሳ አለ፤ ድራይቨሩ አልወጣ አለ፤ ካርዱ አልስል አለ፤ ስክሪኑ አልጠራ አለ፤ ጌሙ አልከፈት አለ፤ ሜላትም ከአባቷ ጋር ሳትወዳደር ቀረች።

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። ታፈረ ነው። ሜላት ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

"ምነው ሜሉ፣ ዛሬ ፈራሽኝ እንዴ?"

"ካርዱ ተቃጥሏል እየተባለ ነው፣ አባዬ። ከፍያለው፣ ማን ነካው? ይላል።"

"እኔ ነኛ" አለ ታፈረ። "ለፋሲካ ስመጣ ከፍቼ አቧራውን በጨርቅ ጠርጌው ነበር። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ ልጄ።"

"ማን ንካው አለህ?" አለች ሜላት። "የማታውቀውን ነገር ለምን ትነካካለህ? ያለችን ቅዳሜ ብቻ ነበረች! በቃ፣ ቻው።"

"እሺ" አለ ታፈረ፣ ድምፁ ወርዶ።

የሺሐረግ ያንን ሳቅ ነበር ማቆም የፈለገችው። ይኸው ቆመ። ሳቁ ሲቆም ለእሷ ቦታ የሚገኝ መስሏት ነበር፤ የተገኘው ግን ከንፈሯን የነከሰች ልጅ፣ ያላጠፋውን ጥፋት የተሸከመ አባት ነው።

"ቆይ፣ አትዝጊው" አለች። "ታፌ፣ አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። ድራይቨሩን አጥፍቼ ከአስካለ ቤት ሌላ አምጥቼ ጫንኩበት።"

"እማ! ለምን?"

"ስትስቁ እየሰማሁ። እኔ የለሁበትም ብዬ።"

ከፍያለው የሚያይበት ቢጠፋው ገመዶቹን ማስተካከል ጀመረ።

የሺሐረግ አፏን ከፈተች፤ ከፍያለው እጁን አነሳ፤ የሰው ቤት ድራይቨር ወጣ፤ የቤቱ ድራይቨር ከኢንተርኔት ወርዶ ተጫነ፤ ካርዱ ሳለ፤ ስክሪኑ ጠራ፤ ጌሙ ተከፈተ፤ ሜላትም ከአባቷ ጋር ተወዳደረች።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። የሚሰማው የመኪናዎቹ ጩኸት ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ ቅድም የተናገርኩህ…" አለች ሜላት።

"ተይው፣ መንገዱን እዪ፤ ኩርባ ነው!" አለ ታፈረ። ወዲያው የሜላት መኪና ተገለበጠችና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። የሺሐረግ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻቸው። ግቢ ያላት የለም፤ ሂጂ ያላትም የለም። ዙሩ እስኪያልቅ ቆመች።

ታፈረ ማታ ደውሎ ብዙ አወራት። ሜላት ግን እስከ ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም፤ እሷም አታስገድዳትም። እናንተ የሰማችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ ይቅር በሏት።